ምስጢር መጠበቅም የሥልጠናው አካል ይሁን

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በወጣቶች ላይ የሚታዩ የድባቴና የሱስ ምልክቶችን ለይተው እንዲያግዙ ይሠልጥኑ የሚለውን፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩትን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው እየተመደቡ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ መጸዳጃ ቤት ቤት ለቤት ሲያስተምሩ በመቆየታቸው፣ እናቶች የልባቸውን የሚያዋዩዋቸው ሰዎች ሆነዋል። ወጣቱ ግን በጉብኝቱ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይገኝም።

ቢገኝስ? ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ የዚያው አካባቢ ልጅ ናትና፣ እንቅልፍ አጥቶ ከሰው የራቀ ወጣት የነገራት ጉዳይ በማግስቱ ቡና ላይ ይወራል ብሎ ከሠጋ አንደበቱን አይከፍትም። ስለዚህ ምስጢር መጠበቅ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በተግባር ልምምድ ሊሰጥ ይገባል። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን ይቀሰቅሳል የሚለው ፍርሃት የተሳሳተ መሆኑንም ሠልጣኞቹ አውቀው፣ ጥያቄውን እርስ በርሳቸው ደጋግመው ሊለማመዱት ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሪፈር ተጽፎለት ጤና ጣቢያ የደረሰው ልጅ የሠለጠነ ባለሙያም መድኃኒትም አጥቶ ከተመለሰ፣ ቤተሰቡ ሠራተኛዋን ዳግመኛ አያምናትም። የጤና ጣቢያው ዝግጅት ከሥልጠናው ጋር አብሮ ይታቀድ።