ለቆሎ ስንት ካፖርት?

የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ባለፈው ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቆሎ ገዛሁ። ቆሎው በላስቲክ ታስሯል። ላስቲኩ ፌስታል ውስጥ ገባ። በፌስታሉ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቁር ፌስታል ተደረበበት። "እማማ፣ ምነው ይሄ ሁሉ?" አልኳቸው። "እንዳይፈስብህ ብዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ!" አሉኝ። የጣርማ በርን ዋሻ ሳናልፍ ቆሎው አለቀ። ላስቲክና ፌስታሉ እጄ ላይ ቀረ።

ልጅ ሆነን ቆሎ የምንገዛው በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። እየቆረጠምን የሰው የሂሳብ ስህተት እናነብ ነበር። (ቀለሙ ለጤና አይበጅም የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ንጹህ ወረቀት ይሁን።) ብርዱ የኛ እንጂ የቆሎው አይደለም፤ ካፖርት ምን ያደርግለታል?

በሶና ዳቦ ቆሎ እያሸጋችሁ ለገበያ የምታቀርቡ ወጣቶች፣ ጎበዞች ናችሁ። ግን ማሳመር ማለት መደራረብ ማን አላችሁ? ያ የሚያብለጨልጨው ማሸጊያ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ማላቀቅ ስለሚያስቸግር ቆራሌው እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ቆራሌ የናቀው ዕቃ መጨረሻው በሬሳ ወንዝ ነው። በሬሳ ለጀማ፣ ጀማ ለአባይ ያቀብለዋል።

መንዞች፣ ስለ በግ ለእናንተ አይነገርም። እየበላ የከሳ በግ አርዳችሁ ጨጓራው ውስጥ የተቋጠረ ፌስታል ያገኛችሁ ስንቶች ናችሁ? ፌስታል አይፈጭም፣ አይወጣም። ቦታውን ይዞ በጉን የጠገበ ያስመስለዋል። ገበያ ላይ ዋጋው ሲወርድ ግን ደላላውን እንረግማለን።

ማሸጊያ ተሻሽሎ አይተናል እኮ። ሃይላንዱ ድሮ ሰማያዊ ነበር። ዛሬ ቀለም አልባ ሆኗል። ውሃው ጣዕሙ ተለወጠ? አልተለወጠም። ቀለም የሌለው ጠርሙስ ግን መልሶ ለመሥራት ይመቻል። ተከትፎ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰጥማል፤ በዚያ ይለያያሉ። ለእናንተም ማሸጊያ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ስም የተጻፈባት በቀላሉ የምትላጥ ትንሽ ወረቀት፣ በቃ። ማር የምትሸጡም በብርጭቆ ዕቃ ሽጡና ባዶውን ለሚመልስ ዋጋ ቀንሱ። ቢራ ሻጩ ይሄን ድሮም ያውቃል፤ ባዶ ጠርሙስ ካልመለስክ መያዣ ያስከፍልህ የለ? ብርድ ልብስ የሚሸጥበትን ባለ ዚፕ ላስቲክ አልነካም። እሱ እናቶቻችን ዘንድ ዓመት ከዓመት የነጠላ ማስቀመጫ ሆኖ ያገለግላል።

እኛ ገዢዎችስ? አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝተን "ደርቢልኝ" እንላለን። ካልተደረበልን የተናቅን ይመስለናል። ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ማን ሰማ? በ2017 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጣ። ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ይላል። በዚህ ብር ስንት ዘንቢል ይገዛ ነበር! ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ያሳፍረናል መሰለኝ። አያቶቻችን ከአንኮበር ቁልቁለት እህል በስልቻ ሲያወርዱ አላፈሩም።

እኔ በሚቀጥለው ደብረ ሲና ሳልፍ የጨርቅ ከረጢት ይዤ እወርዳለሁ። እማማ "ይፈስብሃል" ማለታቸው አይቀርም። ይፍሰስ። ዶሮ ትለቅመዋለች።