ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ? ይቅርባችሁ

ለቤት ውስጥ እንጨት ሥራ የሚሆኑ ማሽኖችን የሚዘረዝር አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ መዘርዘሩ ጥሩ ነው፤ «በጀት ካነሰ ግራይንደር ላይ ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ ግጠሙ» የሚለው ግን ይውጣ፤ ግራይንደር ብረት ለመቁረጥና ለመሞረድ የተሠራ የእጅ ማሽን ነው። እኔ ጅማ ጓሮዬ ውስጥ ባለች ቆርቆሮ ቤት ባለ ሦስት እግር በርጩማ እሠራለሁ። አንድ ቀን እንደዚያው ገጥሜ የዋንዛ ጣውላ ስቆርጥ ዲስኩ አንጓ ላይ ነክሶ ማሽኑ ከእጄ ዘለለ። ጃኬቴን ቀዶ ቆመ፣ ተመስገን። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የእጅ ክብ መጋዝ ግማሹን ያህል ነው፣ የታች መከለያውም ከእንጨቱ ሲወጣ ራሱ ይዘጋል። ለጀማሪ ግን ድሪልና ጂግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ የሚቆርጥ የእጅ መጋዝ) ይበቃሉ።

ጽሑፉ ያልነካው የመብራት ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሳይጠፋ የቀረ የጠረጴዛ መጋዝ ራሱ ይነሳል፤ እጃችሁ እዚያው አጠገብ ቢሆንስ? መብራት ሲቋረጥ አብሮ የሚጠፋ፣ እንደገና ካልተጫኑት የማይነሳ ማብሪያ ያለውን ምረጡ። ከመጋዙ በስተኋላ የምትቆመውን ስስ ብረትም እዩ፤ የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ መጋዙን ቆንጥጦ ወደ ሰው እንዳይወረወር የምትከላከለው እሷ ናት። አሮጌ ማሽን የሚሸጥላችሁ ሰው «ሥራ ስለምታደናቅፍ ፈታናት» ካለ ዋጋ አትከራከሩ፣ ጥላችሁ ውጡ።

ቮልቱንም አንብቡ፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የ110 ቮልት ማሽን የኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የኔ ድሪል እንደዚያ ነው የሄደችው።