በሞቴ፣ ትንሽ ትጨምር!

የኤሌክትሪክ መኪናዬን የሸጠልኝ ሰው «ባትሪዋ አንዴ ከሞላ 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለኝ። እኔም ሒሳቤን ሠራሁ። አዲስ አበባ ደሴ ቢበዛ 400 ነው። በተረፈው ሐይቅ ድረስ ዘልቄ ዓሣ እበላለሁ። ያ 500 በሜዳ መለካቱን ማን ነገረኝ? የኔዋ ሚስቴን፣ ሁለት ልጆችና ለሠርግ የተገዛ ብርድ ልብስ ጭናለች።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰዉ ሁሉ የኤሌክትሪክ ገዛ። ቻርጅ ማድረጊያውም መንገድ ላይ ነው ተብሏል። እኔ ግን መንገድ ላይ አላገኘሁትም።

ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ አልፈን ስንወርድ ጉድ አየሁ። ፐርሰንቱ ይጨምራል! ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ዋሻውን በ53 አልፌ ሸዋ ሮቢት በ56 ገባሁ። «አየሽ፣ በነፃ!» አልኳት ሚስቴን። ከሚሴ ላይ ሙቀቱ ሲጠና ኤሲውን አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ መኪናዋም ድምፅ የላት፣ ሚስቴም ዝም።

ኮምቦልቻ በ12 ፐርሰንት ደረስን። ደሴ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ግን መሀል ላይ ሐረጎ የምትባል ዳገት አለች። ሐረጎን የሚያውቅ በ12 ፐርሰንት አይደፍራትም። አክስቴ ቤት ገባን።

ድሮ መንገደኛ ከነበቅሎው «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብሎ ይገባ ነበር። እኔም ያው ነኝ፤ ልዩነቱ የኔ በቅሎ ሣር አትበላም። ጎረቤቱ ሐጂ መኪናዋን ዞረው አዩና «አብሽር ልጄ፣ የምትበላውን ንገረን እንጂ» አሉኝ። ሶኬት አልኳቸው።

ከሳሎን በመስኮት ማከፋፈያ ተዘረጋ። ቡና ተፈላ። የባትሪዬ ሆድ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የቤት ሶኬት በሰዓት 2 ቢያጎርሳት ነው። አቦል ጠጥተን ስልኬን ባይ 14። ቶና፣ 16። በረካ ላይ 19 ገባች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን 7 ፐርሰንት! ገመዱን ስነካው እንደታመመ ልጅ ግንባር ይፋጃል። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ ልጅ ሮጦ መጣና «የተጠቀለለውን ፍታው፣ ተጠቅልሎ ሲሠራ ነው የሚግለው» ብሎ ግቢው ውስጥ እንደ ልብስ ማስጫ ዘረጋው። ዶሮዎቹ ሌሊቱን እየዘለሉት አደሩ።

ሊነጋ ሲል ድው! ቤቱ ጨለመ። አክስቴ ለስንቅ እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን ሰክታ ኖሯል። ምጣዱ ብቻውን ከመኪናዋ የበለጠ ይስባል። ሁለቱ ሲገጥሙ ቆጣሪው ጣለ።

«እትዬ፣ 56 ገብታለች፤ ለደሴ ይተርፈኛል፤ እነቅላለሁ» አልኳት።

«ምን? ግማሽ ሆዷን ከቤቴ ልትወጣ? ሰው ምን ይለኛል? በሞቴ፣ ትንሽ ትጨምር!»

ወሎ ላይ «በሞቴ» የተባለ እንግዳ አንድ ጉርሻ ሳይጨምር አይነሳም። መኪናም ቢሆን። ምጣዱ ተነቀለ፣ መኪናዋ ተሰካች። እውነቱን ልናገር፣ አጥብቄ አልተከራከርኩም። የሐይቅ ዓሣ ትዝ ብሎኛል።

ከዚያ ጓሮ ሄድኩ። አክስቴ ስንት ዓመት የተወችውን የሸክላ ምጣድ ከጥግ አውጥታ፣ ባሕር ዛፍ ማግዳ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትጋግራለች። ጭሱ በጎረቤት አጥር ላይ ያልፋል። «ብክለት አልባ» የሚል ተለጣፊ ያለባት መኪናዬ ደግሞ በር ላይ ጸጥ ብላ ትጠባለች።

የመብራቱን ልክፈል ብዬ ኪሴ ስገባ «ምነው፣ ምን በደልኩህ?» አለችኝ። ለቆጣሪው ካርድ ሙሉበት ብዬ ለልጇ በስውር ላስጨብጠው ስል እሱም ሸሸ። በመጨረሻ ስኳር ገዝቼ አስቀመጥኩ፤ እሷ በአጸፋው አገልግል ሙሉ እንጀራ ጫነችብኝ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። አሚን አልን።

ሐረጎ 11 ፐርሰንት በላች። ደሴ ስንገባ የሚስቴ ወንድም በሩን ከፍቶ ልጆቹን ሳመ። ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አሸተተ።

«ኤሌክትሪክ ነው አላልከኝም? ታዲያ ምነው ጭስ ጭስ ይላል?»