አንጀት የሚበላ ድምፅ፣ እዚህና እዚያ

«ማን ሞቶበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሆላንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት። በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ ትዝታ ከፍቼ ነበር። አንድ ድምፅና አንድ ክራር፣ ሌላ ምንም የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ አየችና አጠገቤ ተቀመጠች። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጎን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ነው ይህን ያለችኝ።

ማንም አልሞተም አልኳት። ሰውዬው የሚዘፍነው ስለ ራቀችው ሴት ነው። ትዝታዋ እየመጣ ያስቸግረዋል፤ ግን ሂድልኝ አይለውም። እንደውም ሲቀርበት የሚከፋው ይመስላል። «አዝኗል እኮ!» አለች። አዎ፣ አዝኗል። ግን ደስም ብሎታል። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ ላስረዳት ስታገል የምሳ ሰዓቱ አለቀ።

ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቀረ። ሆላንድ መኖር ከጀመርኩ 16 ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት አገር ቤት እየተመላለስኩ ብዙ ነገር አነጻጽሬአለሁ። ሰው ከዘፋኝ ድምፅ ውስጥ ስሜትን እንዴት እንደሚያገኝ ግን ከዚያች ቀን በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ባልደረባዬ አንድም ቃል ሳይገባት ሐዘኑን አገኘችው። የምን ሐዘን እንደሆነ ግን ስታዋለች።

ሐዘኑን ማግኘቷ አያስገርምም። ሰው ሲከፋው ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ሲናደድ ይፈጥናል፣ ይጮኻል። ይሄ በአማርኛም በሆላንድኛም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ስለ ንግግርና ስለ ሙዚቃ የተሠሩ ከመቶ በላይ ጥናቶችን ሰብስበው አይተው ነበር። ሙዚቀኛ ስሜቱን የሚያስተላልፈው ሰው ሲናገር በሚጠቀምባቸው በእነዚሁ ምልክቶች እንደሆነ አገኙ። በ2009 ደግሞ በሰሜን ካሜሩን ተራሮች የሚኖሩ የማፋ ሰዎች ሰምተውት የማያውቁትን የምዕራባውያን ሙዚቃ እንዲሰሙ ተደረገ። ደስታውን፣ ሐዘኑንና ፍርሃቱን መለየት ችለዋል። እንግዲህ ባልደረባዬም የሰማችው የቀረው የሰው ልጅ በሚሰማበት ጆሮ ነው።

እኔን የደነቀኝ ግን የፍቅር ዘፈን ነገር ነው። በ2018 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ86 ማኅበረሰቦች የተቀዱ ዘፈኖችን በ60 አገሮች ላሉ 750 ሰዎች አሰሙ። እያንዳንዱ ቅንጫቢ 14 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ዘፈን ለምን የተዘፈነ ይመስላችኋል ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ የጭፈራውንና የእሹሩሩውን ጥሩ አድርገው ለዩ። የፍቅሩ ዘፈን ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው። ይህን ሳነብ የባልደረባዬ ፊት ታወሰኝ። ለቅሶ የመሰላት የፍቅር ዘፈን ነበር።

የራሳችንን ሰርግ አስቡት። ትከሻችንን እያርገፈገፍን ከምንጨፍርባቸው ዘፈኖች ውስጥ ስንቱ የመለየት ነው? ስንቱ የተካደ ሰው እሮሮ ነው? ምቱ ይፈጥናል፣ ከበሮው ይሞቃል፣ ግጥሙ ግን ቁስል ነው። እዚህ ሰርጋችን ላይ የሚጋበዙ ሆላንዳውያን ጓደኞቻችን አብረውን ይጨፍራሉ፤ የሚሰሙትም ደስታውን ብቻ ነው። እኛ እየጨፈርን «ወይኔ!» እንላለን። አንዷ እየጨፈረች እንባዋን ስትጠርግ አይቼ አውቃለሁ። ጓደኞቼ ደነገጡ። ምን ሆነች? አመማት? አላመማትም፤ ስንኙ አግኝቷት ነው።

ከዚህ የባሰ ስህተት ያየሁት በጌታቸው መኩሪያ ላይ ነው። ጌታቸው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። በስተርጅና ዘመኑ ዘ ኤክስ ከሚባለው የአምስተርዳም ባንድ ጋር እየዞረ ተጫውቷል፤ በ2016 አረፈ። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ሲቆም ግርማው ሌላ ነበር። አንድ ምሽት ሲጫወት ከኋላ ቆሜ ነበር። ጎኔ የቆመው ጎልማሳ በደስታ እየተናጠ «ፍሪ ጃዝ ነው! እንዴት ተናድዷል!» አለኝ። ፍሪ ጃዝ ደንብ ሳይገድበው በነፃነት የሚጫወቱት ጃዝ ነው። ቁጣ ነው የሰማው። እኔ የሰማሁት ደግሞ የልጅነቴን ፉከራ ነው። የሚሸልል ሰው አልተናደደም። ራሱን እያሞቀ ነው፤ አባቶቹን እየጠራ፣ ወገኑን እያነሳሳ ነው። ድምፁ ይጮኻል፣ ይሻክራል፣ ይቆራረጣል። ይህ ሁሉ ለማያውቀው ጆሮ የንዴት ምልክት ነው። ለእኔ ኩራት ነው። ያን ቀን ልገልጽለት ሞከርኩ። ሰውዬው በጥሞና ሰማኝ፣ ከዚያም ዓይኑን ከመድረኩ ላይ ሳይነቅል ቆየ። ሁለተኛውን ዙር በሌላ ጆሮ እንደሰማው እርግጠኛ ነኝ።

እነሱን ብቻ እንደማልወቅስ ግን ልናገር። እኔም ስቻለሁ፤ ያውም ለዓመታት።

እንደመጣሁ ሰሞን አንድ ወዳጄ አምስተርዳም ወደሚገኘው ኮንሰርትኸባው ወሰደኝ። በ1888 የተከፈተ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ነው። ዘፋኟ በቀዩ ደረጃ ወርዳ ቆመችና ጀመረች። ምን ዓይነት ድምፅ ነበር! አዳራሹ ግን ጸጥ። እልል የሚል የለም፣ «ነፍስ ነሽ!» የሚል የለም፣ ወንበሩ ላይ የሚወዛወዝ የለም። አንድ ሰው ሲያስል ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየው። እነዚህ ሰዎች ምንም አይሰማቸውም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ለካ ተሳስቻለሁ። ዞር ስል አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል። አልጠረጉትም። ሲያልቅ ሁሉም ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ አጨበጨበ፣ አላቆምም አለ። አሮጊቷ ክንዳቸውን እያሳዩኝ «ኪፐንፈል» አሉኝ። የዶሮ ቆዳ ማለት ነው። ስሜት ሲነካቸው ቆዳቸው እንደተነቀለ ዶሮ ብድግ ብድግ ይላል። ቃሉን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ቃሉን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። እነሱ ስሜቱን ቆዳቸው ላይ ያገኙታል። እኛ ወደ ውስጥ እንገባለን። ድምፁ አንጀት ይበላል እንላለን። ሆዴን አባባው፣ ሆድ አስባሰኝ፣ አንጀቴን አላወሰው። ዘፋኝን ስናደንቅ ስለ ድምፁ ጥራት ከማውራታችን በፊት ስለ ለዛውና ስለ ቅላጼው እናወራለን። ድምፁ ትንሽ ቢሰነጠቅ ግድ የለንም። እንደውም አንዳንዴ የምንጠብቀው እሷን ስንጥቅ ነው።

ደግሞ አገር ቤት ሰሚው አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። የድሮው ካዛንቺስ ብዙው ከመፍረሱ በፊት አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይጠጋሃል። አየት ያደርግሃል። ከዚያ አንተ ነህ ግጥሙን የምትሰጠው። «ተቀበል!» ትለዋለህ። ያልከውን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። የራስህ ነገር ከሌላ ሰው ጉሮሮ ሲወጣ ይሰማሃል። ያኔ ይህ ስሜት የዘፋኙ ነው ወይስ የሰሚው ብሎ መለየት አይቻልም። እዚህ የኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከናፈቁኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ኮንሰርት ላይ የከፈልኩት ለመስማት ብቻ ነው፤ ስንኝ የሚጠይቀኝ የለም።

ጸጥታ የእነሱ ብቻ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ሁዳዴን አስቡ። በገና ሲደረደር ማን ነው የሚያጨበጭበው? ደርዳሪው ድምፁን አይጨምርም፣ ሊያንሾካሹክ ምንም አይቀረው። ፊቱ አይነቃነቅም። አሥሩ አውታሮች እንዚራ በምትባለዋ ቁራጭ ቆዳ ላይ እየተንዘረዘሩ እንደ ንብ ያጉረመርማሉ። ሰሚው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በዚያው ሰሞን እዚህ ሆላንድ ከትንሣኤ በፊት ሕዝቡ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን የማቴዎስ ሕማማት፣ የክርስቶስን ሕማም በዜማ የሚተርክ ድርሰት፣ ሊሰማ ይወጣል። ናርደን በምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ይህ ከ1922 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ከሚሄዱት ውስጥ ብዙዎቹ በሌላው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። ቋንቋውም ጀርመንኛ ነው። ዶሮው ከጮኸ በኋላ፣ በወንጌላዊው ቦታ ሆኖ የሚተርከው ዘፋኝ የጴጥሮስን መራራ ልቅሶ ሲያዜም ያችን የልቅሶ ቃል ይጎትታታል፣ ያጠማዝዛታል፣ ትንሽ በትንሽ ይለቃታል። የሚያዜመው ሰው የሙዚቃ ኖታውን እያየ ቆሞ ነው፤ እጁን እንኳን አያነሳም። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የአገሬ በገና ነው የመጣብኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። እኔም ውጬ ነበር።

መቼም ዓይንም ድርሻ አለው። ዳኞች ጀርባቸውን ሰጥተው በድምፅ ብቻ የሚመርጡበት የቴሌቪዥን ውድድር የተጀመረው እዚሁ ሆላንድ በ2010 ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። እኔ የካሴት ልጅ ነኝ። የዘፋኞቻችንን ፊት የማውቀው ከካሴቱ ሽፋን ፎቶ ነበር፤ ቀሪውን በድምፃቸው ነው የሣልኩት። ግን በ2013 የወጣ አንድ ጥናት አስደንግጦኛል። ሰዎች የክላሲካል ውድድር ተወዳዳሪዎችን ድምፅ በሌለው ቪዲዮ ሲያዩ አሸናፊውን ከሰሙት ይልቅ በትክክል ገመቱ። ባለሙያዎቹም ጭምር። ሁሉም ዋናው ድምፁ ነው ብለው ነበር። ዘፋኝ ዓይኑን ሲጨፍን፣ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ጆሯችን የሚሰማው ይለወጣል ማለት ነው።

ለዚህ ይመስለኛል እዚህ ሰዎች ሁልጊዜ «ከልቡ ነው?» ብለው የሚጠይቁት። ዘፋኙ እውነት ተሰምቶታል ወይስ እያስመሰለ ነው? አገር ቤት ይህን ጥያቄ እምብዛም አልሰማሁም። ምክንያቱን የተረዳሁት በአክስቴ ለቅሶ ላይ ነው።

አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። ሰሜን ሸዋ ነው ያረፈችው። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፤ ድንኳን የገባሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሙሾ ከተማ ውስጥ እየጠፋ ነው፣ ካህናቱም አይወዱትም። እዚያ ግን ገና አለ። ስገባ ሴቶቹ ጮኹ። እኔ እንባዬ ወረደ፣ ድምፄ ግን አልወጣም። እንደዚያች አሮጊት ሆንኩ። ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንዷ «ፈረንጅ ሆኗል» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ልቡ ደንድኗል» አለች። ምን ብዬ ልመልስ? ውስጤ እየነደደ ነበር።

ሙሾ አውራጇ አክስቴንም እኔንም አታውቅም። ከሌላ ቀበሌ የመጣች ናት። አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። ሴትየዋ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ሙሾ አውራጇ ቀና አለች፣ ነጠላዋን አጠበቀች። ድምፅዋ ሻካራና ቀጭን ነበር።

ባሕር ተሻግሮ ልጅሽ መጣልሽ፣
ተነሽ ተቀበይው፣ ምነው አስተኛሽ?

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አንድ ሰው ሲጮኽ ሰማሁ፤ ለካ እኔ ነኝ። ሰዎች ክንዴን ይዘውኝ ነበር። ጎኔ የነበሩት እናት ጀርባዬን እየመቱ ደጋግመው የሚሉኝን ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «እሰይ ልጄ፣ ይኸው ወጣልህ። ይኸው ወጣልህ።»