የተባረረው ሬይመንድ

እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሬይ ሮማኖ «ኒውስ ሬዲዮ» በሚባል ሲትኮም (ተከታታይ የቲቪ ኮሜዲ) ላይ ሥራ አገኘ። ብዙም አልቆየ፤ ልምምድ ላይ እያለ አሰናበቱት። ቦታውን በኋላ ጆ ሮጋን ያዘው። አዎ፣ የፖድካስቱ ጆ ሮጋን።

እኔ ባባረሩት ሰዎች አልፈርድም። ሮማኖ ያኔ በየክለቡ ማይክ ይዞ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ የሚቀልድ የኒውዮርክ፣ የኩዊንስ ሰፈር ሰው ነው። ድምፁ ባፍንጫው ነው የሚወጣው፤ አነጋገሩም ዝግ ያለ። ያ ሲትኮም ደግሞ ሩጫ ነው።

በዚያው ዓመት የማታ ቶክ ሾው አቅራቢው ዴቪድ ሌተርማን ዘንድ ቀርቦ ቀለደ። የሌተርማን ኩባንያ ወደደው፤ ከራሱ ቀልድ ሲትኮም ይሠራለት ተባለ። በ1996 «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሬይመንድ» ጀመረ። 9 ሲዝን፣ 210 ክፍል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው መጀመሪያ ላይ ትወና አልሆነለትም። የመጀመሪያውን ሲዝን ብታዩ እጁን የት እንደሚያደርገው የጨነቀው ይመስላል። ግን ቤቱን ይዞ መጥቷል። መንታ ወንዶች ልጆች አሉት፤ የሚተውነው ሬይመንድም አለው። ወንድሙ ፖሊስ ነው፤ የሬይመንድም ወንድም ፖሊስ።

የጎደለውን የሲትኮሙ ደራሲ ፊል ሮዘንታል ከራሱ ቤት አመጣ። በመጀመሪያው ክፍል ሬይመንድ ለእናቱ በየወሩ ሳጥን ሙሉ ፍራፍሬ ቤቷ ድረስ እንዲመጣላት ይከፍላል። እናቱ ማሪ ሳጥኑን ስታይ መርዶ የመጣባት ነው የምትመስለው። ይሄን ሁሉ ፒር ማን ይበላዋል? ደግሞ በየወሩ! ይህ የሮዘንታል የገዛ እናቱ ታሪክ ነው። የገዛላትን ጋቢ «ምን አስቸገረህ ልጄ» ብላ ሳጥን ውስጥ የምትቆልፍ እናት ያለችው ሰው፣ ፒር ቀምሶ ባያውቅም ይስቃል።

ብዙ ኮሜዲያን ሲትኮም ሲያገኝ ሌላ ሰው ለመሆን ይጣደፋል። ሮማኖ ራሱን ሆኖ ቆይቶ፣ ትወናውን እዚያው ደሞዝ እየበላ ተማረው። በ2019 «ዘ አይሪሽማን» ፊልም ላይ ከዴ ኒሮና ከፓቺኖ ጋር ጠበቃ ሆኖ ሲሠራ አይቶ «ይሄ ኮሜዲያን እዚህ ምን ይሠራል» ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

በዚያው ዓመት ብቻውን ማይክ ይዞ የሚቀልድበት የስታንድአፕ ዝግጅቱ በኔትፍሊክስ ወጣ። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ክለብ ገብቶ ይቀልዳል፤ ከዚያ ወጥቶ በእግሩ ጥጉን ዞሮ ሌላ ክለብ ይገባል። አሁንም የሚያወራው ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ነው። ልጆቹ ግን ጎረመሱ።