የብርጭቆ ቂጥ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና ልናገር፦ ሰው ቤት ስገባ አበባ ማስቀመጫ እገለብጣለሁ።

እንደ ሌባ ነው የማደርገው። ጋባዤ የሚጠጣ ሊያመጣ ወደ ኩሽና እስኪዞር እጠብቅና ዕቃውን ብድግ አድርጌ ቂጡን አያለሁ። ከታወቁት የፈረንሳይ ብርጭቆ ቤቶች የማንኛው ሥራ ነው? ባካራ ይሆን? ላሊክ? ዶም? ባለፈው ዓመት እዚህ ፓሪስ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከባለቤቴ ጋር ከእራት በፊት ለሚጠጣው ለአፔሪቲፍ ጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ እንደ ወተት የነጣ፣ መብራት ሲያርፍበት ሰማያዊ ሰማያዊ የሚል ማስቀመጫ አየሁ። ልቤ ቀጥ አለች። ሴትየዋ የወይራ ፍሬ ሊያመጡ እንደተነሱ ገለበጥኩት። ውስጡ ያለውን ቱሊፕ አላየሁትም ነበር ብል ማን ያምነኛል? ውሃው በእጅጌዬ ገብቶ በብብቴ ወረደ፣ ቱሊፖቹም ጭኔ ላይ ተጋደሙ። ሴትየዋ ሳህናቸውን ይዘው ሲመለሱ እኔ ማስቀመጫውን ወደ አምፖሉ አንስቼ ጽሑፍ እያነበብኩ ነበር። የተለጠፈበት ወረቀት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከኤማውስ ነው። 2 ዩሮ ከ50 ይላል።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስንጠራ ከጎኔ ተቀምጣ ክንዴን ትይዛለች። የሚያየን ሁሉ ፍቅር ይመስለዋል።

ቂጥ የማየው ወድጄ አይደለም። አገር ቤት እንግዳ ሰው ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ይባል የለ? የፈረንሳይ ብርጭቆም እንደዚያው ነው። ቁመናው አይበቃም፤ አባቱ ይጠየቃል፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ከታች ነው። ባካራ ከሆነ የጨዋ ልጅ ነው፤ ቤቱ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሎሬን ውስጥ በ1764 በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፈቃድ የተመሠረተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ በአሲድ ማኅተም መምታት የጀመሩት በ1936 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ብዙው ያለ ምልክት ስለወጣ፣ ገበያ ለገበያ የሚንከራተት ወላጅ አልባ ብርጭቆ ሁሉ «እኔም የባካራ ልጅ ነኝ» ይላል። የርስት ክርክር ሲነሳ ብቅ እንደሚል ዘመድ ማለት ነው።

ሬኔ ላሊክ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። ሰውየው በሕይወት እያለ ዕቃው ላይ «አር. ላሊክ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1945 ሲሞት ልጁ ማርክ ሥራውን ተረከበና «አር» ቀረች። እኛ ሰው ሲሞት «ነፍስ ኄር» ብለን እንጨምርለታለን፤ ላሊክ ሞቶ ፊደል ተቀነሰበት። የናንሲ ከተማው ብርጭቆ ሠሪ ኤሚል ጋሌ ግን የተሻለ ዕድል ነበረው፤ በ1904 ሲሞት ፋብሪካው ስሙ አጠገብ ኮከብ ጨመረለት። ሞቶ የተሾመ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ለማንኛውም ያቺ «አር» ያለችበትና የሌለችበት ላሊክ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ከስም በፊት የምትቀመጥ ትንሽ ነገር እንዲህ ዋጋ ስታወጣ የሚገርመው ካለ፣ የእኛን «ዶ/ር» ያስታውስ። ደግሞም እንደ «ዶ/ር» ሁሉ «አር»ንም ዕቃው ከተሠራ በኋላ በሐሰት የሚቀጽሉ አሉ።

ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ቂጥ ማየት የሚጀምሩት በልጅነታቸው ነው። ትምህርት ቤት ምሳ ሲበሉ ዱራሌክስ የሚባለውን የመጠጫ ብርጭቋቸውን ገልብጠው እታች ያለውን ቁጥር ያነባሉ፤ ያ ቁጥር ዕድሜህ ነው ይባላል። ብርጭቆው የተቀረጸበት የመቅረጫ ቁጥር ከመሆን በቀር ሌላ ምስጢር የለውም። የሥራ ባልደረባዬ እንደነገረችኝ በእነሱ ጠረጴዛ ትንሹ ቁጥር የደረሰው ተነስቶ ውሃ ይቀዳ ነበር። እሷ አንድ ዓመት ሙሉ እንደቀዳች ዛሬም በምሬት ታወራለች።

እሁድ እሁድ ሰው ለቅዳሴ ሲነሳ እኔ ለቪድ-ግሬኒዬ እነሳለሁ። ቆጥ ማራገፊያ እንደማለት ነው፤ የሰፈሩ ሰው የቤቱን ኮተት አውጥቶ መንገድ ዳር ይዘረጋል። ፓሪስ ጥግ ያለው የሴንት-ኡዋን አሮጌ ዕቃ ገበያ፣ «የቁንጫ ገበያ» የሚሉትማ፣ ስሙ እንጂ ቁንጫው የለም፤ እዚያ ያሉት ነጋዴዎች የእያንዳንዱን ብርጭቆ የዘር ሐረግ በቃላቸው ስለሚያውቁ ኪሴ አይደፍራቸውም። እኔ የምፈልገው የማያውቅ ሻጭ ነው። የማያውቅ ሻጭ ደግሞ የማያውቅ ገዢ እየጠበቀ ነው፤ ንጋት ላይ ባትሪ ይዘን የምንገናኘው ሁለታችን ነን።

መመርመሪያው ብዙ ነው። አፉን በጣት ትመታዋለህ፤ ክሪስታል ከሆነ እንደ ቃጭል ይጮህና ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፣ ተራ ብርጭቆ ከሆነ «ኳ» ብሎ ዝም ነው። ታነሳዋለህ፤ ክሪስታል ይከብዳል፣ እርሳስ አለበትና። በአውሮፓ ደንብ መሠረት የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 ከመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። ይህን ለአማቴ ሳስረዳቸው «እና ይጽፋል?» አሉኝ። ቀጥሎ አልትራቫዮሌት መብራት ታበራበታለህ፤ ዩራኒየም የተቀላቀለበት አሮጌ ብርጭቆ ጨለማ ውስጥ እንደ ጅብ ዓይን አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ሻጩም በበኩሉ ቋንቋ አለው። «ተሸርፏል» አይልህም፤ «ትንሽ ኤግሬኑር አለችው» ይልሃል፤ ቃሉ እህል ከመፈልፈል የመጣ ነው። ዕቃውም ሁልጊዜ የአያቱ ነው። አንድ እሁድ ብቻ ቆጥሬ አሥራ አንድ አያት ሞተው አገኘሁ።

አማቴን ካነሳሁ አይቀር፣ ለሦስት ወር ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ሁለት ክፍል ቤታችን ገብተው አርባ ሦስቱን ማስቀመጫ በዓይናቸው ዞሩና «ይሄ ሁሉ አበባ ልትተክሉበት ነው?» አሉ። ዝም አልኩ። በሳምንቱ የባለቤቴ ልደት ስለነበር ጽጌረዳ ገዝቼ ገባሁ። ማሸጊያው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል አንብበው አማቴ «እሰይ የአገሬ ልጅ» እያሉ አበባውን ሳሙት። ከዚያ የሚቀመጥበት ጠፋ። አርባ ሦስት አበባ ማስቀመጫ ያለበት ቤት ውስጥ!

የፓሪስ ውሃ ኖራ አለበት። ክሪስታል ውስጥ ካደረ ነጭ ጭጋግ ጥሎ ይሄዳል፤ ኮምጣጤና ጥሬ ሩዝ ጨምረህ ስትንጥ ትውላለህ። አንዳንዱን ጨርሶ ይበላዋል፤ ሰብሳቢዎች ያን ጊዜ «ብርጭቆው ታመመ» ይላሉ፣ የታመመ ብርጭቆ ደግሞ ጠበል የለውም። ይህን ሁሉ በትሕትና አስረዳሁ። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ኩሽና ገብተው አንድ ባዶ ሃይላንድ አንገቱን በቢላ ቆርጠው ውሃ ሞሉበት። ጽጌረዳው አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያ ውስጥ፣ በላሊክና በዶም መካከል ቆሞ ሰነበተ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ እነዚህ ምን ሊያደርጉ ነው የተደረደሩት?»

«ለመታየት ነው እማማ።»

«ማን ሊያያቸው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ግን የእሳቸው ቡፌ ትዝ አለኝ። ሽማግሌ ልኬ፣ ተፈቅዶልኝ፣ መጀመሪያ ቤታቸው የገባሁ ቀን ከመስታወቱ ጀርባ ወርቅማ ከንፈር ያላቸው ብርጭቆዎች ተደርድረው አይቼ ነበር። ለእንግዳ የተቀመጡ ናቸው ተባልኩ። እኔ የጠጣሁት በላስቲክ ኩባያ ነው።

ከስብስቤ ሁሉ አማቴ የወደዱት አንዱን ነበር፤ ብርቱካንማ መደብ ላይ ቡናማ ሐረግ የሚጎተትበት፣ ከሐረጉ በታች ጎኑ ላይ «ጋሌ» የሚል የተቀረጸበት። ጋሌ እንዲህ ዓይነቱን ሲሠራ ስሙን የሚያስቀምጠው እንደ ሥዕሉ ሁሉ ጎኑ ላይ ነው፤ የተደራረበውን ባለ ቀለም ብርጭቆ አሲድ እየበላው ሐረጉም ስሙም ጎልተው ይቀራሉ። ይህን ከአንድ የገጠር ከተማ ቪድ-ግሬኒዬ በ600 ዩሮ ገዛሁት። ለባለቤቴ 50 ነው ያልኳት። (ሰብሳቢ ለትዳር አጋሩ የሚነግረው ዋጋ በሌላ ገንዘብ እንደተጻፈ ቆጥሮ መመንዘር ያስፈልጋል።) ደስታዬ ስላልቻለኝ አንድ የጨረታ ቤት ወስጄ ለገማቹ አሳየሁ። ነጭ ጢማቸውን እያሻሹ ዕቃውን አንዴ አዩት፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን «ጋሌ» ከሚለው አጠገብ አሳረፉና ጥፍራቸውን ቀስ አድርገው ጎተቱ።

«ሙሴ፣ ሮማንያ ሄደው ያውቃሉ?» አሉኝ።

ለካ ሮማንያውያን በጋሌ ዘዴ ሠርተው «ጋሌ ቲፕ» ብለው ይፈርሙበታል። «ቲፕ» በቋንቋቸው «ዓይነት» ማለት ነው፤ የጋሌ ዓይነት፣ ውሸት የለበትም። እጅ በእጅ ሲዞር ግን አንዱ «ቲፕ»ን በሞረድ ይፍቅና ያው ጋሌ ይቀራል። የእኔው ላይ ጣቴን ሳሳልፍ፣ ሦስት ፊደል የሚያህል ቦታ እንደ ተፋቀ ምጣድ ለስልሶ ጎድጉዷል። ስድስት መቶ ዩሮ የሚያወጣ ጉድጓድ።

አማቴ ሊመለሱ ሻንጣቸው ሲታሰር ያንን ማስቀመጫ ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ። «ሃምሳ ዩሮ ነው ብላኛለች። ለኔ ብትሰጠኝ ምን ይልሃል?» ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ትንሽ እንደ መጨነቅ አልኩ፣ ተነፈስኩ፣ ከዚያ «ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ይሆናል!» አልኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ምርቃቱም ወረደ፦ ቤትህ ይሙላ፣ እጅህ አይጠር፣ እውነተኛ ልጅ ይውጣልህ። አሜን፣ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። «እውነተኛ» የምትለዋ ላይ ድምፄ ትንሽ ቀነሰ።

ጋሌ አሁን አዲስ አበባ ቡፌ ውስጥ ከወርቅማዎቹ ብርጭቆዎች ፊት ለፊት ተቀምጧል። አማቴ ለሚመጣው ሁሉ «ሰውየው በገዛ እጁ የሠራው ነው» እያሉ እንደሚያሳዩ ሰምቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስልክ ደወሉ፤ ድምፃቸው ትክክል አልነበረም።

«ምነው እማማ፣ ደህና አይደሉም?»

«ደህና ነኝ። ምን የመሰለ ያልተቀጣ ሰው ቤቴ ገባ መሰለህ! ቡና ላመጣ ዞር ብል ያንን ያንተን ዕቃ ከቡፌው አውጥቶ፣ ገልብጦ ቂጡን ያየዋል! ዝም አልኩት። ደግሞ ጎኑን፣ ስሙ አጠገብ፣ በጥፍሩ እንዲህ እንዲህ ያደርገዋል። ፈረንሳይ ብዙ ዘመን የኖረ ነው አሉ።»

«እና… ምን አለ?»

«ምን ይላል? ማን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ።»