የተጋለጠውን መግቢያ ማሰስ ይበጃል ወይስ በሩን ከነአካቴው መዝጋት?

የክርክሩ ነጥብ፦ የድርጅቶችን የራውተርና የፋየርዎል (ኔትወርክን የሚያገናኙና የሚጠብቁ መሣሪያዎች) ማስተዳደሪያ ገጾች ከኢንተርኔት በኩል በየጊዜው መቃኘት፣ ማለትም የትኞቹ ለውጭ ሰው እንደሚከፈቱ መፈተሽ፣ የኔትወርክን ደኅንነት ያሻሽላል።

ደጋፊ፦ በወረቀት ላይ የሠፈረ ዲዛይን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። አንድ ቴክኒሻን ከቤቱ ሆኖ ብልሽት ለመጠገን ሲል ለአንድ ሌሊት የከፈተው ፖርት (በቁጥር የሚለይ የኔትወርክ በር) ግን እዚያ ላይ አይታይም፤ ሌሊቱ ዓመት ይሆናል፣ ቴክኒሻኑም ሥራ ይለቅቃል። አድራሻውን በአሳሽ ላይ የጻፈ ማንኛውም ሰው የአምራቹን አርማ፣ የመሣሪያውን ሞዴል፣ አንዳንዴም የሶፍትዌሩን ቁጥር ሳይቀር ያነባል፤ ከሥሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ሁለት ሳጥኖች ይጠብቁታል። ማንም አያገኘንም ማለትም አያዋጣም። ሾዳን የተባለው የተገናኙ መሣሪያዎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ ገጾችን እየመዘገበ ለፈላጊ ያቀርባል፤ በ2013 የወጣው ዚማፕ የተባለ የቅኝት ፕሮግራም ደግሞ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ጊጋቢት መስመር፣ በአንድ ፖርት ላይ፣ መላውን የአይፒ ቪ4 (የኢንተርኔት አድራሻዎች) ዓለም ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚያዳርስ ታይቷል። አጥቂው ያየውን ባለቤቱ የማያይበት ምክንያት የለም።

ተቃዋሚ፦ የተከበሩ ተከራካሪዬ ቅኝት የሚያሳየው መልስ የሚሰጠውን ብቻ መሆኑን አለፉት። በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ መሣሪያዎች በሚሠሩበት አይኦኤስ ኤክስኢ በተባለው ሶፍትዌር የድር ማስተዳደሪያ ላይ፣ በአደገኝነት መለኪያ ከ10 10 የተሰጠው የደኅንነት ክፍተት ሲገለጥ፣ አጥቂዎች የይለፍ ቃል ሳያስፈልጋቸው ደረጃ 15 የተባለ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ይፈጥሩ ነበር። ቃኚዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የተጠለፉ መሣሪያዎችን ቆጠሩ፤ ከቀናት በኋላ ቁጥሩ በድንገት አሽቆለቆለ። መሣሪያዎቹ ግን አልዳኑም። አጥቂዎቹ የተከሉትን ፕሮግራም፣ ቃኚው በሚልከው ጥያቄ ውስጥ የተወሰነ ምልክት ካላየ ዝም እንዲል አድርገው ቀይረውት ነበር። የማስተዳደሪያውን ኔትወርክ ለይቶ፣ ያለ ቪፒኤን (ለተፈቀደለት ብቻ የሚከፈት የተመሰጠረ መስመር) ማንም እንዳይደርስበት ያደረገ ተቋም ይህ ሁሉ ቆጠራ አያሳስበውም። በዚያ ላይ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መድረስን ወንጀል አድርጎታል፤ ገጹን ካየ በኋላ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል ሳጥኖቹ «አድሚን፣ አድሚን» ብሎ የሞከረ ወጣት መስመሩን ተሻግሯል።

ደጋፊ፦ በሕጉ እስማማለሁ፤ ቅኝቱ ገጹ መኖሩን አይቶ መመለስ አለበት፣ የይለፍ ቃል መሞከር የእኔ ሐሳብ አይደለም። የሲስኮው ምሳሌ ግን ለእኔ ይመሰክራል፤ ዝምታውን የገለጡት የአጠያየቅ ዘዴያቸውን ቀይረው እንደገና የቃኙ ባለሙያዎች ናቸውና።

ተቃዋሚ፦ ይህንን እቀበላለሁ። የሚያሳስበኝ በቅኝት የተገኙት ገጾች ዝርዝር ለባለቤቶቹ ከተላከ በኋላ የሚሆነው ነው። በአንድ ወቅት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ደረሰን፤ የተሰጠው ምላሽ ገጹን ከፖርት 443 ወደ ፖርት 8443 ማዛወር ሆነ። የሚቀጥለው ዝርዝር ንጹሕ ሆኖ መጣ፣ አለቃችንም ደስ አላቸው፤ ገጹ ግን በዚያው አድራሻ፣ በአዲሱ ፖርት ተከፍቶ ነበር።

ደጋፊ፦ 8443ን የማይነካ ቅኝት ቅኝት አይባልም።

ተቃዋሚ፦ ይሁን፤ ቀጣዩ ቅኝት ያገኘዋል እንበል። ታዲያ ማን ነው የሚዘጋው? የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ በጁን 2023 ለፌዴራል ሲቪል መሥሪያ ቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ የተጋለጠ ማስተዳደሪያ በተገኘ በ14 ቀን ውስጥ ከኢንተርኔት እንዲወርድ፣ አለዚያም ከገጹ ውጭ በሆነ ሌላ የመዳረሻ ቁጥጥር እንዲጠበቅ አዝዟል። ከመመሪያው ውስጥ እኔ የማከብረው ያንን 14 ቀን ነው። የእርስዎ ቅኝት ያገኘው እያንዳንዱ አድራሻ ከአንድ የተሰየመ ኃላፊና ከአንድ የመዝጊያ ቀን ጋር የሚመዘገብ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ቴክኒሻኖቹን ለቅኝት ከማሰማራት ይልቅ ቪፒኤኑን እንዲዘረጉ አሰማራቸዋለሁ።